ከወንዝ ማዶ የመጣ መልስ

አንድ ሰው ነበረ፤ ከልጁ በቀር ዘመድ የሚባል የሌለው። የኔታ ልሳነ ወርቅ እንዲህ ብለው የጀመሩት ትርሲት ጥያቄዋን በቅጡ ሳትጨርስ ነው። ትርሲት የቀድሞ ተማሪያቸው ናት፤ ዛሬ በየአገሩ የተበተኑ የአፍሪካ ተወላጆች መብት እንዲጠበቅ መንግሥታት በሚመክሩበት ጉባኤ ትሠራለች። «የኔታ፣ እኛ ከሩቅ ሆነን እንናገራለን፣ እንወስናለን። እዚያው አገሩ ላይ ግን ጥቁሩን ዛሬም ከመንገድ አንሥተው ይወስዱታል። ታዲያ የኛ መናገር ምን ይፈይዳል?» ነበር ያለቻቸው። የኔታ አንዴ ከጀመሩ መቋረጥ አይወዱም። «ዝም ብለሽ ስሚኝ» አሏትና ቀጠሉ።

ሰውየው የሚኖረው ከባሕር ማዶ፣ ወንዝ ዳር በተቆረቆረች ከተማ ነው። ቅድመ አያቱን በሰንሰለት አሥረው፣ በመርከብ ጭነው አምጥተው ነው እዚያ የሸጡት። ባርነቱ ከቀረ ቆይቷል። ሰውየው እዚያው ተወልዶ፣ በዚያው አገር ቋንቋ አፉን ፈትቶ፣ የዓሣ አጥማጁን ሁሉ መረብ ሲጠግን ነው ያረጀው። መረቡን ሲያመጡለት «እንዴት አደርክ» ይሉታል፤ ጠግኖ ሲሰጣቸው «እጅህ ይባረክ» ይሉታል። ቤቱ ገብቶ የተቀመጠ ሰው ግን የለም። ሚስቱ የሞተች ዕለት እንኳ ሣጥኗን ያነሡት እሱና ልጁ ብቻ ናቸው፤ የቀረው ሰው በመስኮት አየ። ከዚያ ወዲህ ሰው ይመጣል ብሎ መጠበቁን ተወ።

በዚያች ከተማ አንድ ልማድ አለ። ሰው ሲያዝ ዘመዱ ደጅ ወጥቶ ይጮኻል። ከከተማው ባለ ቤቶች አንዱ «ሰምቻለሁ» ካለ፣ የተያዘው ሰው ሸንጎ ፊት ሳይቀርብ አይወሰድም። ፀሐይ እስክትገባ ማንም ካልመለሰ ግን ጩኸቱ እንዳልተጮኸ ይቆጠራል፤ የተያዘውም እስረኛ ድንጋይ እየፈለጠ ወደሚኖርበት ካባ ይወርዳል። ከዚያ የተመለሰ የለም። ታዲያ ሰምቶ ዝም ያለ ሕግ እንዳፈረሰ ስለሚቆጠር፣ ዝም ያለ ሁሉ «አልሰማሁም» ይላል። ይቺን ልብ በያት፤ ዋናዋ ነገር እሷ ናት።

አንድ ቀን ገበያ ላይ የአንድ ነጋዴ ጣቃ ጨርቅ ጠፋ። የከተማው ጠባቂዎች ሳያወጡ ሳያወርዱ የመረብ ጠጋኙን ልጅ ያዙት። ለምን? በመልኩ ነዋ፤ ሌላ ምን አለ? ልጁ ያን ቀን ገበያውን በእግሩም አልረገጠው።

አባቱ ሲነግሩት የያዘውን መረብ ጥሎ ወጣ። መንገዱ መሐል ቆሞ «ልጄን ወሰዱብኝ፣ ኧረ ስሙኝ» ብሎ ጮኸ። አንዱ መስኮት ተዘጋ፤ ቀጥሎ ያለውም ተዘጋ። ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ ሸክላ ሠሪው ደጁ ላይ ጭቃ ሲያቦካ ነበር፤ አቀርቅሮ ዕቃውን ሰብስቦ ገባ። ሰውየው እያንዳንዳቸውን በስማቸው ጠራ። የማናቸው መረብ የት ላይ እንደሚበጠስ ሳይቀር ያውቃል እኮ። አንድ ሰው «አቤት» አላለውም። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች።

ያን ጊዜ የተዘጋ መስኮት ማየት አቃተው። እግሩ ወደ ወንዙ ወሰደው። ይሰሙኛል ብሎ አይደለም፤ ልቡ ቢቃጠል ከሰው ፊት መራቅ ፈልጎ ነው። ውኃው ዳር ቆመና ለማንም ሳይል «ልጄን ወሰዱብኝ» ብሎ ጮኸ።

ከማዶ ልብስ የምታጥብ አንዲት ሴት ቀና አለች። ማዶው ሌላ አገር ነው፤ ሕጉም ሌላ፣ ገዢውም ሌላ። ሴትየዋ እጆቿን አፏ ዙሪያ አድርጋ «ሰምቻለሁ» ብላ ተጣራች።

ሰውየው በዕድሜው ተጣርቶ የሚመልስለት ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አለቀሰ፤ ምን ያድርግ?

«አጠገብህ ማን አለ?» አለችው።

«ማንም የለም።»

«ከኋላህ ያሉት ቤቶችስ?»

«አልሰሙም።»

«እኔ ከዚህ ሆኜ ስሰማ፣ እነሱ እዚያው ሆነው አልሰሙም?» አለችና ሌሎቹን አጣቢዎች ጠራች። መጥተው ከዳር ቆሙ። መሻገር አይችሉም፤ ቢሻገሩም የማዶ ሰው ቃል በዚያች ከተማ አይቆጠርም። የሚችሉት አንድ ነገር ነበር፤ እሱን አደረጉ። ባንድ ድምፅ «እናንተ የወዲያ ማዶ ሰዎች፣ እኛ ሰምተናል። እናንተስ?» ብለው ጠየቁ። መልስ የለም። ደገሙት። አሁንም ደገሙት። በጀልባ የሚያልፉት ዓሣ አጥማጆች ሰሙ፣ ጠባቂዎቹም ሰሙ። ከእንግዲህ «አልሰማሁም» የሚል ሰው ማንን ያሳምናል?

ፀሐይዋ ልትገባ ጥቂት ሲቀራት የሸክላ ሠሪው በር ተከፈተ። እጁ ጭቃ እንደሆነ እስከ ወንዙ ወርዶ ከሰውየው አጠገብ ቆመ። «ሰምቻለሁ» አለ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው «መጀመሪያም ሰምቼ ነበር» አለ።

ልጁ ወደ ካባው አልወረደም፤ ሸንጎ ፊት ቀርቦ ነጻ ወጣ። ደስ ብሏቸው ኖሩ እንድልሽ ከጠበቅሽ ግን ተሳስተሻል። ዕቃ ሲጠፋ ጠባቂዎቹ ዛሬም ቀድመው የሚያዩት ያንኑ ቤት ነው። መስኮቶቹም አብዛኞቹ እንደተዘጉ ናቸው።

የኔታ እዚህ ላይ ሲደርሱ ወደ ትርሲት ዞሩ። «እንግዲህ አንቺና ጉባኤሽ እነዚያ አጣቢዎች ናችሁ። ወንዙን አትሻገሩም፣ የእስር ቤቱም ቁልፍ በእጃችሁ የለም፤ አውቃለሁ። ያ ሰው ብቻውን የቀረው ግን ጎረቤት አጥቶ አይደለም። ጎረቤቶቹ ሁሉ ላለመስማት ተስማምተው ነው። እናንተ ከሩቅ ‹ሰምተናል› ስትሉ ያ ስምምነት ይፈርሳል። ከዚያ ወዲያ በሩን መክፈት የሸክላ ሠሪው ፋንታ ነው።»

ትርሲት «ባይከፍትስ የኔታ?» አለች።

«ባይከፍትማ ‹ሰምተናል› የምትለዋን ድገሚያት» አሏት ቆጣ ብለው። «ደክሞሽ ነው የመጣሽው፤ ገብቶኛል። በሩ ያልተከፈተለት ሰው ግን አሁንም ውኃው ዳር ብቻውን ቆሟል።»