ዘር ያስበላው የድፎና የአነባበሮ ክርክር

ተረት ተረት! «የመሠረት» አላችሁ? ያላለ ካለ ይበል፤ እጠብቃለሁ። እሺ።

በድሮ ጊዜ ጓንጉልና ደምስ የሚባሉ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። ጓንጉል አንድ በሬ ነበረው። ደምስም አንድ በሬ ነበረው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ ሁለቱ መቀናጆ ነበሩ፤ በሬዎቻቸውን በአንድ ቀንበር ጠምደው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሱ ነበር።

አንድ ቀን ክርስትና ተጠርተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። በመጀመሪያ ድፎ ዳቦ ቀረበ፤ በኮባ ተጠቅልሎ፣ ከላይም ከታችም እሳት ነዶበት የበሰለ። ቀጥሎ አነባበሮ መጣ፤ ቂጣ በቂጣ ላይ ተነባብሮ፣ መሀል ለመሀል ቅቤና በርበሬ የተቀባ።

«ከዳቦ ሁሉ የሚበልጠው ድፎ ነው» አለ ጓንጉል።

ደምስ ሳቀ። «ድፎ ውስጡ ምን አለው? ብትቆርሰው ዳቦ፣ ብትቆርሰው ዳቦ!»

«ድፎ ሲቀርብ ሽማግሌ ተነስቶ ይመርቃል። አነባበሮን ማን መርቆ ያውቃል?»

«አነባበሮ እስኪመረቅ መች ይቆያል!»

ድግስተኛው ሁሉ ሳቀ። ጓንጉል ግን አልሳቀም። «ድፎን ከሚንቅ ሰው ጋር በሬዬን አልጠምድም» አለ።

«እኔስ ብትለምነኝ እጠምዳለሁ?» አለ ደምስ።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ጣለ። የሰው ሁሉ ማሳ ታረሰ። የጓንጉል በሬ ደጁ ላይ ቆሞ ያመነዥካል። የደምስም በሬ ደጁ ላይ ቆሞ ያመነዥካል።

በመጨረሻ ሁለቱ ወደ አገሩ ዳኛ ወደ አጥናፌ ሄዱ። አጥናፌ ጉዳዩን ሰማና ምራቁን ዋጠ።

«ሳልቀምስ እንዴት እፈርዳለሁ? እሑድ ሁለቱንም አምጡልኝ» አለ።

ወቅቱ እህል የሚያልቅበት ነበር። በየጎታው የቀረው ለዘር የተቀመጠው ስንዴ ብቻ ነው። የጓንጉል ሚስት ማንጠግቦሽ ከዘሩ ፈጭታ ድፎ ደፋች። የደምስ ሚስት ይታይሽም ከዘሩ ፈጭታ አነባበሮ ጋገረች።

በመጀመሪያው እሑድ አጥናፌ ሁለቱንም በላ፤ ፍርፋሪ እንኳ አልተረፈም። አፉን ጠራረገና «ድፎው ትኩስ ነው፤ አነባበሮው ቀዝቅዟል። በዚህ አይፈረድም። ለሚመጣው እሑድ!» አለ።

በሁለተኛው እሑድም ሁለቱንም በላ። «ዛሬ ደግሞ ድፎው ላይ ስደርስ ጠግቤ ነበር፤ ለጠገበ ሰው ምን ይጥመዋል? ለሚመጣው እሑድ!» አለ።

«ከጠገቡ ታዲያ እንዴት ጨረሱት?» አለች ይታይሽ።

«ለፍርዱ ስል ነዋ፣ ልጄ!»

በማግስቱ ሁለቱ ሴቶች ወንዝ ወርደው ተገናኙ።

«እታለም፣ የእናንተ ጎታ እንዴት ነው?» አለች ማንጠግቦሽ።

«እጄን ብሰድ ታቹን ነካሁት።»

«የእኛም እንደዚያው። ባሎቻችን ይከራከራሉ፣ ዳኛው ይበላል፤ ዘንድሮ ምን ልንዘራ ነው?»

እንስራቸውን አስቀምጠው ተመካከሩ።

በሦስተኛው እሑድ የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ሴቶቹ ሁለት ሞሰብ በጨርቅ ሸፍነው አቀረቡ። አጥናፌ መቀነቱን አላላና ጨርቁን ገለጠ። በአንዱ ሞሰብ አንድ እፍኝ ስንዴ። በሌላውም ሞሰብ አንድ እፍኝ ስንዴ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ድፎ ነው ጌታዬ» አለች ማንጠግቦሽ። «ገና አልተዘራም እንጂ።»

«ይህም አነባበሮ ነው» አለች ይታይሽ። «ገና አልታጨደም እንጂ። ለመሆኑ ጌታዬ፣ ሁለት እሑድ ሲበሉ ጣዕሙን ለይተዋል ወይስ አልለዩም?»

አጥናፌ አሰበ። «ለይቻለሁ ብል አሁኑኑ ፍረድ ይሉኛል፤ ድግሱም አበቃ። አልለየሁም ብል ግን አራተኛ እሑድ አገኛለሁ» አለ በልቡ።

«አልለየሁም!» አለ ጮክ ብሎ።

«እንግዲያው የበሉት ለፍርድ አልነበረም፤ ለሆድዎ ነበር» አለች ማንጠግቦሽ። «ለሆዱ የሰው ዘር የበላ ሰው ምን ያደርጋል?»

«ይተካል!» አለ ሕዝቡ ባንድ አፍ።

ዳኛው ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ፤ የሚያግዘው አጣ። የራሱን ጎታ ከፍቶ የበላውን ዘር ተካ።

ይታይሽ ወደ ጓንጉልና ወደ ደምስ ዞረች። «በሬዎቹን ትጠምዳላችሁ ወይስ እኛ እንጥመድ?»

ጠመዱ። አንገታቸውን ደፍተው ጠመዱ። የዘገየ ዘር ነበር፤ ግን በቀለ፣ አፈራ፣ ታጨደ።

አውድማው በተነሳ ማግስት ጓንጉልና ደምስ እጃቸውን ታጥበው ገበታ ቀረቡ። ሴቶቹ ያመጡላቸው የስንዴ ንፍሮ ነበር።

«ድፎውስ?» አለ ጓንጉል።

«አነባበሮውስ?» አለ ደምስ።

«የትኛው እንደሚበልጥ ተስማምታችሁ ንገሩንና እሱን እንጋግራለን» አሉ ሴቶቹ።

ጓንጉል ደምስን አየው። ደምስም ጓንጉልን አየው።

«ንፍሮም ደግ ነው» አለ ጓንጉል።

«እጅግ!» አለ ደምስ፤ እፍኙንም ሞላ።

ለዚህ ነው አበው «በጣዕሙ ሲካሰሱ፣ ዘሩን ጨረሱ» የሚሉት።

እንግዲህ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። በየትኛው ዳቦ እንደሆነ ግን አልናገርም፤ እኔም በሬ አለኝ።