ጩኸት የፈተለችው አንጓች

«ተረት ተረት!»

«የመሠረት!»

ኧረ ቀስ! ጣራው ይወርድብናል። ይህ ተረት ጯሂዎች የሚዋረዱበት ተረት ነው፤ ከእነሱ ጋር እንዳትቆጠሩ።

በድሮ ጊዜ፣ በአንድ ተራራ ጫፍ ላይ፣ ባለ ሦስት ራስ ጭራቅ ይኖር ነበር። ራሱ ሦስት፣ አፉ ሦስት፤ አእምሮው ግን ለአንዱም ራስ በቅጡ አልደረሰም። በሬ ከነቀንዱ ይውጣል። ዋርካ ነቅሎ ጥርሱን ይጎረጉርበታል። «እኔን የሚያቅተኝ ነገር የለም!» እያለ ይደነፋል። ይህ ሁሉ ጉራ አንድ ክንድ በማይሞላ ፍጡር ተዋረደ። ጭራቁ የገዛ ልጁን ማስተኛት አቃተው!

ሕፃኑ አንድ ራስ ብቻ ነበረው፤ ዕድለኛ ነው። ዐይኖቹ ግን ከመንቃታቸው የተነሣ እንደ ፋኖስ ያበሩ ነበር። ጉንዳን ስትራመድ ይሰማል። ዝንብ ባለፈች ቁጥር አንገቱን ያዞራል። ሁሉን ልይ፣ ሁሉን ልስማ ይላል። ሲደክመው ያለቅሳል። ሲያለቅስ ተራራው ይንቀጠቀጣል፤ ድንጋይ እየተንከባለለ በሰው ቤት ላይ ይወርዳል። እናቱስ ብትሉ፣ በሦስቱ ራሶች ጭቅጭቅ ተማርራ አገር ጥላ ጠፍታለች። ማን ይፈርድባታል?

ጭራቁም የሰው ልጅ እየሰረቀ ሞግዚት ማድረግ ጀመረ። ሕፃኑን ያላስተኛችውን ፀሐይ ስትጠልቅ ይበላታል። አንድ ጠዋት ከተራራው ወርዶ ትርንጎ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አንጠልጥሎ ወሰደ።

የትርንጎ እናት አንጓች ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ ጥጥ ፈትላ የምታድር ሴት ናት። ጎረቤቶቿ ተሰብስበው «ጦር ያዢ» አሏት፤ «ጋሻም ያዢ» አሏት። ከመካከላቸው ጦሩን ይዞ የተነሣ ግን አልነበረም። ምክር ምን ያስከፍላል? አንጓች እንዝርቷን፣ ጥቂት ባዘቶና ትርንጎን ያሳደገችበትን አንቀልባ ይዛ ብቻዋን ወጣች።

በጭራቁ በር ላይ አንዲት ሸረሪት ድሯን ዘርግታ ነበር። አንጓች ድሩ እንዳይበጠስ ጎንበስ ብላ ልታልፍ ስትል ሸረሪቷ ተናገረች።

«ጎንበስ ያልሽልኝ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። ያ ባለጌ በጮኸ ቁጥር ድሬን ይበጥስብኛል። አንቺም ፈታይ፣ እኔም ፈታይ፤ ሙያ ላካፍልሽ።» በአንድ እግሯ እንዝርቱን ነካ አደረገችው። «ከእንግዲህ ይህ እንዝርት ጩኸት ይፈትላል። ጩኸት እንደ ጥጥ ነው፤ ጫፉን ከያዝሽ እስኪያልቅ ይመጣልሻል።»

አንጓች ገባችና ጭራቁ ፊት እጅ ነሣች። «ጌታዬ፣ ልጅዎን ባስተኛልዎት ልጄን ይመልሱልኛል?»

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተኛ ውሰጃት» አለ ጭራቁ። «ካልተኛ ሁለታችሁንም እበላለሁ።»

ይህን ሲል ቀኙ ራስ ግራውን ጠቀሰው። አንጓች ጥቅሻውን አየች። «ቢተኛም ሊበላን ነው» አለች በልቧ። አፏ ግን ሌላ ተናገረ። «እንግዲያው መጀመሪያ እርስዎ እንዴት እንደሚያስተኙት ያሳዩኝ።»

ጉረኛ ሙያህን አሳየኝ ከተባለ መች ይቀራል?

ግራው ራስ ጀመረ። «ተኛ! ተኛ ብያለሁ! ትእዛዝ ነው!» እንቅልፍ ወታደሩ ይመስለዋል! ሕፃኑ ደንግጦ ጭራሽ ነቃ። አንጓች የጩኸቱን ጫፍ ያዘችና እንዝርቷን አሾረች። ጩኸቱ ከጭራቁ አፍ እየተመዘዘ ክር ሆነ። ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ አለቀ። ግራው ራስ አፉን ቢከፍት የወጣው ትንኝ የምታክል ሹክሹክታ ናት።

መካከለኛው ራስ «አንተ ምን ታውቃለህ! ሕፃን የሚተኛው በዜማ ነው» አለና እሹሩሩ ጀመረ። እሹሩሩ የሚለው እሱ ነው እንጂ ፉከራ ነበር። «በሬ ዋጥኩ ከነቀንዱ! ሰው ፈጀሁ ከነዘመዱ!» ደረቱን ይደቃል፤ መሬቱን ይረግጣል። በፉከራ የተኛ ሕፃን ያየ ካለ እጁን ያውጣ! የሕፃኑ ዐይን ፈጦ ሊወጣ ደረሰ። አንጓች ፉከራውንም ፈተለችው።

ቀኙ ራስ ደግሞ ጠቢብ ነኝ ባይ ነው። «ሁለታችሁም ደንቆሮ ናችሁ። ብዙ ከተጫወተ ደክሞት ይተኛል» አለ። ቅል አንኳኳ። በላባ አኮረኮረው። ወደ ላይ ወርውሮ ቀለበው። ሕፃኑ ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ለቅሶ ሆነ። ድካም የጨረሰውን ሕፃን ገና ላድክመው ይላል፣ አይ ጠቢብ! አንጓች የቅሉን ኳኳታ ከነወሬው ፈተለችው።

ቤቱ ጸጥ አለ። አንጓች በሩን ገርበብ አደረገች፤ ብርሃኑ ደብዘዝ አለ። ሕፃኑን ደረቷ ላይ አስጠግታ በነጠላዋ ከለለችው። እንዝርቷን በዝግታ አሾረችለት። ሁሉን ልይ የሚለው ዐይን አሁን የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ሆነ።

ዐይኑ ከደን አለ። የጭራቁ ሆድ ጮኸ። ዐይኑ ተገለጠ። አንጓች አልተቆጣችም። «አለሁ፣ አለሁ» እያለች ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረገችው።

ዐይኑ እንደገና ከደን አለ። ትርንጎ ከተዘጋባት ጓዳ ሆና «እማዬ!» ብላ አለቀሰች። ዐይኑ ተገለጠ። የአንጓች ልብ ወደ ጓዳው በረረ። ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ነው። ፈራች፤ በጣም ፈራች። እጇ ግን አልቸኮለም። እጅ ከቸኮለ ሕፃን ያውቃል። «አለሁ፣ አለሁ» አለች፤ አሁን የምትናገረው ለሁለቱም ልጆች ነበር።

በሦስተኛው ዐይኑ ከደን አለ። ትንፋሹ ረዘመ። የጨበጣቸው ጣቶቹ ተፈቱ። ተኛ።

ጭራቁ ምራቁን ዋጠ። አንጓችም ቀስ ብላ «ጌታዬ፣ መሬት ላይ ካስተኛነው ብርዱ ይቀሰቅሰዋል። እንደ እርስዎ ያለ ሰፊ ጀርባ ከየት ይገኛል?» አለችው። ሙገሳ የሰማ ሞኝ ወገቡን አይጠይቅም፤ ጭራቁ ወዲያው ተንበረከከ። ሕፃኑን አሳዘለችው። አንቀልባውን አጥብቃ አሰረችለት።

ከዚያ ጓዳውን ከፍታ የትርንጎን እጅ ያዘች። ጭራቁ ሊይዛቸው አንድ እርምጃ ተራመደ። ከጀርባው «እእ…» የሚል ድምፅ ተሰማ። አንድ ዐይን ተገለጠ። ጭራቁ ባለበት ደርቆ ቀረ።

«ያዛቸው!» አለ ግራው ራስ በሹክሹክታ።

«ይነቃል!» አለ መካከለኛው በሹክሹክታ።

ጠቢቡ ራስ አንገቱን አዙሮ የተገለጠውን ዐይን አየ። ታላቁ ጭራቅ፣ ያ በሬ ዋጩ፣ ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ። በዚያ ጥፍሩ ልጁን ቸብ ቸብ ያደርጋል።

«እባክሽ አትሂጂ» ብሎ ለመናት። «ሲነቃ ምን እሆናለሁ?»

አንጓች ደጃፉ ላይ ዞር ብላ አየችው። ጌታዬ ማለቱን ተወችው።

«የሰው ልጅ ስትሰርቅ ጉልበት አላነሰህም። አባቱ አንተ ነህ፤ አስተኛው!»

ልጇን ይዛ ወረደች። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ልጅ የተሰረቀበት ቤት የለም። ጭራቁ በምን ጊዜው ይስረቅ? ልጅ አዝሏላ!

እንግዲህ ልጆች፣ ሕፃን በትእዛዝም በጉራም አይተኛም። ቤቱን ጸጥ አድርጎ፣ ሳይቸኩል ለሚይዘው ይተኛል። የገዛ ልጁን ማስተኛት የናቀ ደግሞ ሦስት ራስ ቢኖረውም ጀግና አይባልም።

ተረቴን በሹክሹክታ መልሱ፤ የተኛ ሕፃን ካለ ቀስ ብላችሁ አልብሱ።