የዘርፌ ካብና የጭራቁ ትከሻ

«ተረት ተረት» ብያለሁ። «የመሰረት» በሉኝ እንጂ፤ ከኋላ ያላችሁትም።

በድሮ ጊዜ፣ ዳገት ላይ ዘርፌ የምትባል ልጃገረድ ከታናሽ ወንድሟ ከቢራራ ጋር ትኖር ነበር። በጓሯቸው አንዲት ትልቅ ሾላ ነበረች። ከዳገቱ ግርጌ ደግሞ ሰው የሚበላ ጭራቅ ነበር። የሾላዋ ጥላ ያረፈበትን ቤት ጭራቅ ሊደፍረው አይችልም። ስለዚህ ሾላዋ የወደቀች ቀን ቢራራን እበላለሁ ብሎ ይጠብቅ ነበር።

ክረምት ገባ። ጎርፉ አፈሩን ጠረገው። የሾላዋ ሥሮች እንደ ዶሮ እግር ገጠጡ። ጭራቁ በየማለዳው ከሩቅ እያየ ምራቁን ይውጣል።

ዘርፌ አፈሩን የሚይዝ የድንጋይ ካብ ከሾላዋ በታች ልትክብ ተነሣች። እጇን ግን አታምነውም። ድንጋይ ታስቀምጣለች፣ ትነቀንቀዋለች፣ መልሳ ታነሣዋለች፣ ገልብጣ ታስቀምጠዋለች።

«እታለም፣ ይህ ካብ ሳያልቅ እኔ ጢም አበቅላለሁ» አላት ቢራራ።

ካቡ አለቀ። ዝናብ መጣና ተናደ። ዘርፌ ተቀምጣ ከየት እንደተናደ አየች። መሠረቱን ያሳረፈችው ልል አፈር ላይ ነበር። ስትቆፍር ፍልፈል አገኘች። በዶማ አልመታችውም፤ ልጆቹን ወደ ደረቅ ቦታ አዛወረችለት። ፍልፈሉም፣ ጥፍሬ እስከማይገባበት ድረስ ቆፍሪ ብሎ መከራት። ቆፈረች።

ሁለተኛውን ካብ ውሃ እንዳያሳልፍ ብላ ስንጥቁን ሁሉ በጭቃ መረገችው። ውሃው ከኋላው ተጠራቀመ። የካቡ ሆድ ተነፋና ፈነዳ። ከፍርስራሹ አንዲት እንቁራሪት ዘላ ወጣች።

«እስቲ አንቺ አፍሽንም አፍንጫሽንም ይዘሽ አስነጥሺ» አለቻት።

ዘርፌ ገባት። ለውሃው መውጫ መተው ነበረባት።

ሦስተኛውን ስትጀምር ሾላዋ ራሷ ተናገረች።

«ልጄ፣ ካቡ ቀጥ ብሎ አይቁም። ወደ እኔ ዘንበል ይበል።»

ዘርፌ ዘንበል አድርጋ ካበች። ቀዳዳ ተወች። ከኋላው ጠጠር፣ ከጠጠሩ ቀጥሎ አፈር ሞላች፤ ግንዷን ግን አልቀበረችም። አፈሩን እንዲይዙላት ዙሪያውን ሬትና ኮሰረት ተከለች።

ካቡን ስትነቀንቀው ግን ድንጋዮቹ ገና ይንኳኩ ነበር። ለማጥበቅ ጉልበት አነሳት። ሰማዩም ጠቆረ። ያኔ ጭራቁ መጣና ከካቡ ሥር ቆመ። ቀዳዳዎቹን አይቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ዘርፌ ፈራች፤ ቢሆንም አሰበች።

«አያ ጭራቅ፣ የፈለግኸውን አድርግ፤ ብቻ በትከሻህ እንዳትገፋው» አለችው።

ጭራቁ ወዲያው ገፋው። የታችኞቹ ድንጋዮች ተቆላለፉ። ኧረ ተው አለችው። ደግሞ ገፋው። የመሃሎቹ ተቆላለፉ።

«ማረኝ አያ ጭራቅ፤ ከላይ በኩል ብቻ እንዳትነካብኝ።»

ለሦስተኛ ጊዜ ባለ በሌለ ኃይሉ ገፋው። ካቡ ጥርሱን እንደነከሰ ሰው ጸጥ አለ። የጭራቁ ትከሻ ግን ቋ አለ።

ዝናቡ ወረደ። ዘርፌ ዓይኗን ከቀዳዳዎቹ አልነቀለችም። ውሃው ጠርቶ ወጣ፤ አፈሩ ቀረ። ሾላዋ ንቅንቅ አላለችም። ጭራቁ ትከሻውን ይዞ ቁልቁል ሄደ፤ ዳግመኛም አልታየም።

ትከሻው ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ሾላ ሲበስል ልጆች እዚያ ተቀምጠው ይበሉበታል። ቢራራም ጢም አበቀለ፤ ካቡ እንደቆመ ነው።

እናንተም ልጆች፣ የሠራችሁት ሲፈርስ አትሽሹ። ለምን እንደፈረሰ እዩና እንደገና ጀምሩ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን በሾላ አብሱልኝ።