ሦስት መቶ አርባ ስምንት ጊዜ የተጠቀሰው ጥናት

አንዲት ሐኪም ነበረች። የሕፃናት ሐኪም ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፣ ጥናት ትጽፋለች፣ ጥናቷም በውጭ አገር የሕክምና መጽሔቶች ይታተማል። ዶክተር ትርሲት እንበላት።

ወገኖቼ፣ በተመራማሪዎች ዘንድ ትልቅነት የሚለካበት ነገር አለ። የጻፍከውን ስንት ሰው ጠቀሰው? ስንቱ በጽሑፉ ግርጌ ስምህን አሰፈረ? ትርሲት አርባ አንድ ጥናት አሳትማለች። ከሁሉም የገነነው ግን አንዱ ነው፤ ኢንፌክሽን ይዟቸው ለተኙ አራሶች ሰባት ቀን ይሰጥ የነበረው መርፌ አምስት ቀን ይበቃል የሚለው። ሦስት መቶ አርባ ስምንት ጊዜ ተጠቅሷል። በምን አወቀች? ጠዋት ከአልጋዋ ሳትወርድ፣ ሳታማትብ፣ ስልኳን ከፍታ ታያለቻ! ቁጥሩ ከጨመረ ፊቷ ይፈካል። ባለበት ከቆመ ዘግታ እንደገና ትከፍተዋለች። የፕሮፌሰርነት ማዕረጓ ሊወሰን አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ደግሞ በሰዓት በሰዓቱ ታይ ጀመር።

በዚያ ሰሞን ከአንድ ሩቅ ወረዳ ሆስፒታል ስልክ ተደወለላት። ደዋይዋ ሲስተር ዘውድነሽ ይባላሉ፤ በአራስ ክፍል ሃያ ዓመት የሠሩ ነርስ ናቸው።

"ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አስቸገርኩዎት። ጥናትዎን አይተን ሕፃናቱን በአምስት ቀን ማስወጣት ጀምረን ነበር። እየታመሙ ይመለሱብናል። በዚህ ወር ብቻ ሦስት ተመለሱ። አንዷ አልተረፈችም። ምናልባት እኛ ያጎደልነው ነገር ይኖር ይሆን?"

አያችሁ? ጥፋቱን የፈለጉት ከራሳቸው ዘንድ ነው።

"አጣርቼ እደውልልዎታለሁ" አለች ትርሲት። የቆየውን መረጃ ከኮምፒውተሯ አውጥታ ገጽ በገጽ አየችው። አገኘችው። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ የት እንደ ደረሱ ያልታወቁ አሥራ ዘጠኝ ሕፃናት ነበሩ። አሥራ ዘጠኙም "ዳኑ" ከሚለው ጎን ተቆጥረዋል። ማን ቆጠራቸው? ራሷ ናት፤ በችኮላ። እነሱን አውጥታ እንደገና ስታሰላ "አምስት ቀን ይበቃል" ያለችው ፈረሰ።

ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ወደ ፕሮፌሰር አጥናፉ ሄዳ ስህተቷን ነገረቻቸው። አስተምረው ለዚህ ያበቋት እሳቸው ናቸው።

"ማን አየው?" አሏት።

"እስካሁን እኔ ብቻ።"

"እንግዲያው አሥራ አንድ ቀን ምን አላት? ማዕረግሽን ያዢ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ታርሚዋለሽ። ክፉ እየመከርኩሽ አይደለም፣ ትርሲት።"

ክፉ ሰው አልነበሩም። ትርሲትም ቀለል አላት፤ እስከ ቤቷ ደጃፍ ድረስ። ከዚያ እህል አልወርድ አላት። ስልኳ በጠራ ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይላል። ሲስተር ዘውድነሽ ሁለት ጊዜ ደወሉ፤ አላነሣችም።

በሦስተኛው ቀን ተማሪዎቿ ፊት ቆማ ሳለች እንደገና ደወሉ። አነሣች።

"ዶክተር፣ አንድ ወንድ ሕፃን አለኝ። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ ትኩሳቱ ጠፍቷል። እናቱ ዕቃዋን ሸክፋ በር ላይ ቆማለች። ላስወጣው ወይስ ይቆይ?"

ምን ትበል? "ይቆይ" ብትል፣ ለምን ይሏታል። "ይውጣ" ብትልስ? እስቲ እናንተ ብትሆኑ? ተማሪዎቹ ያዩአታል።

"አያስወጡት፣ ሲስተር" አለች። "ጥናቱ ስህተት ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እናንተ ምንም አላጎደላችሁም።"

"ያቺን ልጅ በእጄ ነው ያሰናበትኋት" አሉ ሲስተር ዘውድነሽ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ትርሲት በዚያው ቀን ለመጽሔቱ ጻፈች። ጥናቱ ተሰረዘ፤ ማዕረጉም ቀረ። ሕፃኑ ሰባት ቀኑን ጨርሶ ወጣ፤ አልተመለሰም። ነገር ግን መሰረዙን ሳያውቁ ያን ጥናት ዛሬም የሚጠቅሱ አሉ። ለእያንዳንዳቸው ደብዳቤ ትጽፋለች። አንዳንዱ ይመልስላታል፤ አብዛኛው አይመልስም። በእሷ ቃል ስንት ሕፃን ሳይድን ወደ ቤቱ ተመለሰ? አታውቅም። እግዚአብሔር ይቅር እንዳላት አምናለሁ። ይህ ጭንቀት ግን አልለቀቃትም።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፣ ይህ አይመለከተኝም ትሉ ይሆናል። በእናንተ ምስክርነት ከሥራው የተባረረ ሰው የለም? እናንተ "ጨዋ ነው" ብላችሁላት ያገባችው ልጅ የለችም? ሳታዩ ፈርማችሁ ያሳለፋችሁት፣ ዛሬ ሰው ተጠግቶት የሚተኛ ግድግዳ የለም? ሰው ቃላችሁን ሲያምን ደስ ብሏችኋል። ያመነው ሰው የት ደረሰ? ጠይቃችኋል?

ይህቺ ነገር ትለፍ፣ ያ ጉዳይ ይለቅ፣ ከዚያ እናገራለሁ አትበሉ። እናንተ እስክትመቻቹ የሚጠብቅ የለም፤ ሰውየው አሁን በቃላችሁ እየሄደ ነው። ፈልጉት። "ያን ጊዜ የነገርኩህ ትክክል አልነበረም" በሉት። ድምፃችሁ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ይንቀጠቀጥ። ብቻ ሳይመሽ ንገሩት።