ከኮተቤ እስከ ሆስፒታሉ በር

አንድ ወጣት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የቤት ኪራይና የታክሲ ሒሳብ ይደምራል። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል፣ እርሳስ ይዟል። ይደምራል፣ ይሰርዛል፣ እንደገና ይደምራል።

ወገኖቼ፣ ከመካከላችሁ እንዲህ ተቀምጦ የማያውቅ አለ? እኔ ተቀምጬ አውቃለሁ። ደመወዝ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ ሁለት ጊዜ ደምሬ ሁለት የተለያየ መልስ አግኝቼ፣ የተሻለውን አምኜ የተኛሁበት ቀን አለ።

ይህ ወጣት ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ስሙ ምንተስኖት ነው። ዛሬ ጡረታ የወጣ ኮሎኔል፣ ፀጉሩ የነጣ ሐኪም፣ የእኔም ወዳጅ ነው። ታሪኩን ለእናንተ እንድነግር ጠይቄው ፈቀደልኝ።

ያን ጊዜ ምክትል መቶ አለቃ ነበር። ሠራዊቱ ሕክምና አስተምሮት፣ የመጨረሻውን የልምምድ ዓመት ኢንተርን ሆኖ እንዲሠራ አዲስ አበባ ወዳለ አንድ የሠራዊቱ ሆስፒታል ተመደበ። ግቢው ውስጥ ለኢንተርኖች ማደሪያ አልነበረም። ተረኛ ያልሆነ ውጭ ተከራይቶ ይደር ተባሉ።

ደመወዙ አራት መቶ ሰማንያ ብር ነው። ከዚያ ላይ መቶ ሃምሳው ደብረ ብርሃን ለምትማረው ለታናሽ እኅቱ ለትርሲት ይላካል። አባታቸው ሞቷል፤ እናታቸው ብቻዋን አልቻለችም። ይህ ገንዘብ አይነካም። ቀሪው ሦስት መቶ ሠላሳ ነው።

ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ አንዲት ክፍል ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ትከራያለች። እርሷን ከያዘ ለወር ምግብ ሰማንያ ብር ይቀረዋል። ኮተቤ ደግሞ፣ ያን ጊዜ ከከተማው ጫፍ፣ በመቶ ብር ክፍል ይገኛል። ከኮተቤ መገናኛ በእግር ከሄደ፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ ብቻ ታክሲ ቢይዝ፣ ከሜክሲኮ ሆስፒታሉ ድረስ እንደገና በእግሩ ቢሄድ፣ ለታክሲ በወር ስልሳ አምስት ብር ይበቃዋል።

መቶ ስልሳ አምስት ከሁለት መቶ ሃምሳ ጋር ሲተያይ ምን ጥርጥር አለው? ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ኮተቤ ገባ።

ስለዚያ መንገድ ሲያወራ ብትሰሙት! ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል። ጥቁሩን የወታደር ጫማ በፌስታል ይዞ፣ ሸራ ጫማ አድርጎ ይወጣል፤ ሶሉ እንዳያልቅበት ነው። ዳቦ ቤቶቹ ሲከፈቱ፣ ትኩሱ ዳቦ ሲወጣ፣ እርሱ ሽታውን ብቻ ይዞ ያልፋል። መገናኛ ሲደርስ ረዳቶቹ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ ይላሉ። ከኋላ ወንበር ጥግ ይይዝና ልክ ዓይኑ ሲከደን ወራጅ አለ ይባላል። ከሆስፒታሉ በር ትንሽ እልፍ ብሎ፣ ግንብ ተደግፎ ጫማውን ይቀይራል። ከዚያ መኮንን ሆኖ ይገባል። ማንም አያውቅበትም።

እንዲህ አድርጎ አራት ወር ሠራ። ሒሳቡ አንድም ቀን አልተዛነፈም።

በአራተኛው ወር አንድ በሽተኛ ገባ። ሻምበል ባሻ ደበላ ይባላሉ። ሃያ ሰባት ዓመት ያገለገሉ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ጅማ የምትኖር ሽማግሌ ናቸው። በሆዳቸው ውስጥ እጢ ተገኝቶባቸው ቀዶ ሕክምና ይጠብቃሉ። ምንተስኖት በየጠዋቱ ሙቀታቸውን ይለካል፣ ደማቸውን ይቀዳል። እርሳቸው ደግሞ ቁርስ ስለ መብላቱ ይጠይቁታል። በልቻለሁ ይላል። አያምኑትም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ጨርሶ ሊወጣ ሲል ጠሩት።

«ልጄ» አሉት፣ «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ያስገቡኛል። ጦር ሜዳ ፈርቼ አላውቅም ብልህ ውሸት ነው። ፈርቻለሁ። ግን ሁልጊዜ አጠገቤ የማውቀው ሰው ነበር። ነገም አንድ የማውቀው ፊት አይቼ ብገባ ደስ ይለኛል።»

ቅዳሜ የእርሱ ተራ አልነበረም። ቢሆንም ቃል ገባላቸው።

«ከእርስዎ በፊት እዚያ እገኛለሁ፣ ሻምበል ባሻ» አላቸው።

ሲወጣ አብሮት ኢንተርን የሆነውን ኦብሳን በር ላይ አገኘው። ኦብሳ ያቺን ከአጥሩ ጀርባ ያለችውን ክፍል የያዘው ሰው ነው። ነገሩን ሲሰማ፣ ለምን እዚያው እርሱ ዘንድ አድሮ ጠዋት በእግሩ እንደማይሄድ ጠየቀው። ምንተስኖት አመሰገነና ቤቴ ብሄድ ይሻለኛል ብሎ ሄደ። ለምን? ካደረ እራት ይጋበዛል። ከተጋበዘ መልሶ መጋበዝ አለበት። የሚጋብዝበት ደግሞ በወረቀቱ ላይ የለም።

ወገኖቼ፣ ስንቶቻችን ነን መመለስ ስለማንችል ብቻ የሰው እራት ሳንበላ የቀረን?

ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ጣለ። የኮተቤን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መንገዱ ጎርፍ ሆነ፤ ከፊት አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘጋ። ምንተስኖት እስከ መገናኛ ሮጠ። መገናኛ ላይ ሰልፉ እጥፍ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ታክሲ የለም። የሚመጣው ሁሉ ሞልቶ ይመጣል። ያን ቀን በኪሱ ያለውን ሁሉ ለኮንትራት ሊሰጥ ተነስቶ ነበር። የሚቆምለት አላገኘም።

ሆስፒታሉ ሲደርስ ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ሆኗል። ከእግር እስከ ራሱ ርሷል። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ተዘግቷል።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አልጋነሽ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። የሆነውን ነገረችው። ሻምበል ባሻ በአልጋ እየተገፉ ሲሄዱ በሩ ጋ ሲደርሱ ትንሽ ጠብቁ ብለው ለመኑ። ቆሙላቸው። ገና ሊገፏቸው ሲሉ ደግሞ ለመኑ። ሐኪሞቹ ታጥበው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በላይ መቆየት አልተቻለም።

«አልተቀየሙህም» አለችው ሲስተር አልጋነሽ። «መንገድ ይዞት ነው እንጂ ይመጣል እያሉ ነው የገቡት።»

ሻምበል ባሻ ከቀዶ ሕክምናው ወጡ፤ ግን አልነቁም። ሰኞ ዕለት አረፉ። ልባቸው ደክሞ ነበር፤ ማንም ያጠፋው ጥፋት የለም። ምንተስኖት በሰዓቱ ቢደርስም ይሞቱ ነበር። ይህን እርሱ ራሱ ሐኪም ነውና ያውቃል። ግን ማወቁ አላሳረፈውም። ምክንያቱም ሽማግሌው የጠየቁት እንዲያድናቸው አልነበረም። ፊቱን እንዲያሳያቸው ብቻ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታሉ ጀርባ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ኦብሳ ፈልጎ አገኘው። ምንተስኖት ሁሉንም ነገረው፤ ስለ ኮተቤው፣ ስለ ሒሳቡ፣ ስለ ጫማው ሳይቀር። በአራት ወር ውስጥ ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

ኦብሳ አላጽናናውም። መሬት መሬት እያየ እንዲህ አለ፦

«እኔም ከበዛብኝ ቆየ። ለቤተሰቤ ልኬ ኪራዩን ከከፈልኩ በኋላ ምሳ መብላት ካቆምኩ ሁለት ወር ሆነኝ። አንተ ደህና የምትኖር ስለመሰለኝ አብረን እንሁን ለማለት አፍሬ ነው። ያለኝ አንድ አልጋ ነው። አንተ ተረኛ ስትሆን እኔ እተኛበታለሁ፣ እኔ ተረኛ ስሆን አንተ ትተኛበታለህ። ሁለታችንም ያልተመደብንበት ቀን ራስና እግር ሆነን እንተኛለን።»

አያችሁ? አንዱ ከከተማው ጫፍ በእግሩ ይመጣል፣ ሌላው ከአጥሩ ጀርባ ጦሙን ይውላል። ሁለቱም ሌላው የተመቸው ይመስላቸዋል። በየማለዳው አንድ የሕሙማን ክፍል ውስጥ ሰላም እየተባባሉ!

የቤቱ ባለቤት እትዬ የሺእመቤት መጀመሪያ እምቢ አሉ። ያከራየሁት ለአንድ ሰው ነው፣ ውኃውም በቆጣሪ ነው አሉ። በመጨረሻ ሠላሳ ብር ጨምሩና ግቡ ተባሉ። ሁለት መቶ ሰማንያ ለሁለት ሲካፈል ለያንዳንዱ መቶ አርባ ደረሰ። ከኮተቤው እንኳ በሃያ አምስት ብር ያንሳል።

«አልጋውስ?» ብለው ጠየቁ እትዬ የሺእመቤት።

«ያው አንዱ ነው» አላቸው ኦብሳ።

ሁለቱንም ከላይ እስከ ታች አዩአቸው። «እንግዲህ ወታደሮች ናችሁ፣ ቻሉት» አሉ።

ቻሉት። ያን ዓመት እዚያች ክፍል ውስጥ ጨረሱት። አንድ ካውያ፣ አንድ ቡታጋዝ፣ አንድ መስተዋት። አንዱ ከተረኝነት ሲመለስ ሌላው ካልሲ እያጠለቀ ያገኘዋል፤ አልጋው ገና አልቀዘቀዘም። ቁርስ በጋራ፣ ምሳ በጋራ፤ ወር ሲያልቅ ሁለት ዳቦ በአንድ ሻይ። የትርሲትም መቶ ሃምሳ ብር አንድም ወር አልቀረባትም።

ከመንገድ ያተረፈውን ጊዜ ምን አደረገው? በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ተረኛ ሆነም አልሆነም፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ይሄዳል። የሚገቡትን በሽተኞች ስማቸውን ይጠይቃል፤ እጃቸውን ይዞ እስኪገቡ አብሯቸው ይቆማል። ሌላ ምንም አያደርግም። ያን ዓመት ጀምሮት፣ መቶ አለቃ ሆኖ፣ ሻለቃ ሆኖ፣ ኮሎኔል ሆኖ፣ ጡረታ እስኪወጣ አልተወውም።

ባለፈው ክረምት አብረን በመኪናው ስንሄድ መገናኛ ላይ መንገድ ተዘጋብን። ያ የድሮው መገናኛ የለም፤ ከላይ ድልድይ፣ ከታች ሰው፣ ዙሪያውን ፎቅ። ሞተሩን አጠፋና ወደ ውጭ እያየ ይህን ሁሉ ነገረኝ። የእትዬ የሺእመቤት ግቢ ፈርሶ ሕንፃ ቆሞበታል። ኦብሳ ነቀምት ነው፤ እሑድ እሑድ ይደዋወላሉ። ምንተስኖት ዛሬ አራት መኝታ ክፍል ያለው ቤት አለው። ልጆቹ አድገው ወጥተዋል፤ ሦስቱ ክፍል ተዘግቷል።

«ያ አልጋ መሐሉ ጎድጓዳ ነበር» አለኝ። «ወገቤን ያመኝ ነበር። ግን ታውቃለህ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ዓመት ለሰው ቀርቤ ኖሬ አላውቅም።»

ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ወደ ሌላ በኩል አየሁ።

እስኪ አሁን ወደ እኛ እንመለስ።

የምንተስኖት ጥፋት መቆጠቡ ነው? በፍጹም። እኅቱን የሚያስተምር ሰው ይቆጥባል። ድኻ መሆን ኃጢአት አይደለም፤ ሳንቲም መቁጠርም ኃጢአት አይደለም። በመቶ ብር ቤት የሚኖር ሰው፣ ሩቅ ሰፈር የሚኖር ሰው፣ እዚህ መካከላችን ብዙ ነው፤ እግዚአብሔር ድካማችሁን ያያል።

ግን ወረቀቱን ተመልከቱት። ኪራይ አለበት፣ ታክሲ አለበት፣ ምግብ አለበት። ሰው የለበትም። ማን ይጠብቀኛል የሚል መስመር የለበትም። ማንን ልጠይቅ የሚልም የለበትም። ብቻውን ደመረ፣ ብቻውን ተራመደ፣ ብቻውን አረፈደ።

እናንተስ? የእናንተ ወረቀት ላይ ማን አለ?

አንዳንዶቻችን እኮ ታክሲ አያስፈልገንም። አንድ ግድግዳ ነው የሚለየን። አንድ ግቢ ውስጥ ሆነን፣ ኮተቤ ከሆስፒታሉ ከሚርቀው ይልቅ ከወንድማችን ርቀናል። እናታችን እዚሁ ከተማ ናት፤ ብር እንልካለን፣ እንደውላለን፣ ፊታችንን ግን አናሳያትም። እርሷ ብሩን አልጠየቀችም። ትንሽ ጠብቁ፣ ልጄ መንገድ ይዞት ነው እያለች ለጎረቤት ትመልስልናለች።

ጌታ እኛን ከሩቅ ሊወደን አይችልም ነበር? ከላይ ሆኖ ሊረዳን አይችልም ነበር? ይችል ነበር። ግን መጣ። ወደ ሰፈራችን መጣ፤ እኛ በምንተኛበት ተኛ፣ እኛ በምንራብበት ተራበ። ፊቱን አሳየን። መቅረብ ዋጋ አለው፣ ወገኖቼ፤ እርሱ ዋጋውን ከፍሎ ቀረበ። እኛ ከእርሱ ተምረን ለማን ቀረብን?

በዚህ ሳምንት አንድ ስም አስቡ። ገንዘብ የምትልኩለትን አይደለም፤ ፊታችሁን የሚፈልገውን። የታመመ ይሆናል፣ ያኮረፋችሁት ይሆናል፣ እንደ ኦብሳ ምሳውን ትቶ የተመቸው የሚመስል ይሆናል። ባዶ እጃችሁን ብትሄዱም አትፈሩ።

ሂዱና አንድ በርጩማ ስባችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። የምትሉት ባይኖራችሁም ተቀመጡ።