ሸህ ሙሄ አውፍ ያላሉበት ቀን

ከተማዋን በስም አልጠራትም፤ የታሪኩ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም እዚያው አሉ። ቆለኛውና ደገኛው የሚገበያይባት የድሮ ከተማ ነበረች። ሸህ ሙሄ የሚባሉ አዛውንት ዓሊም፣ የሃይማኖት ሊቅ፣ ይኖሩባት ነበር። የተጣላ ሰው የሚያስታርቁት፣ ስለ ይቅርታ ሲያስተምሩ ጎረምሳውን ሳይቀር የሚያስለቅሱት እሳቸው ነበሩ።

አንድ ቀን ፈተናው ወደ ራሳቸው ደጅ መጣ። እብሬ የሚባል የሰፈራቸው ወጣት በሰርግ ላይ ለደስታ በተኮሰው ጥይት የሸሁ ልጅ ኑርዬ ሞተ። እብሬ “ጠመንጃው ከእጄ አምልጦኝ ነው” አለ። ሰዉም ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው አለ። ሸህ ሙሄ “ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን” ብለው ልጃቸውን ቀበሩ።

ዓመቱ ሲሞላ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። በአገሩ ልማድ የሟች አባት በተሰበሰበው ጀመዓ ፊት “አውፍ ብያለሁ” ብሎ ይቅር ካላለ ገዳዩ አገር ጥሎ ይሄዳል። ግን ሸህ ሙሄን የሚያህል ሰው እምቢ ይላል ብሎ ማን ያስባል? ለሰደቃው በሬ ታርዶ ድስቱም ተጥዶ ነበር።

ሰብሳቢው ሐጂ ይማም “እንግዲህ ሸሃችን፣ አውፍ በሉት” አሏቸው።

ሸህ ሙሄ ተነሱ። “አላልኩም” አሉ።

ጀመዓው ክው አለ። “አስተግፊሩላህ!” ያሉም ነበሩ። ሐጂ ይማም ደንግጠው ወደ ጆሯቸው ጠጋ አሉ።

“ምን ነካዎት ሸሃችን? በአፍዎ ይበሉት እንጂ፣ ልብ ቀስ ብሎ ይመጣል።”

“በአፌማ ዓመቱን ሙሉ ስለው ከረምኩ። ይህን ልጅ ባየሁት ቁጥር ፈገግ እላለሁ፣ ቤቴ ገብቼ ጥርሴን እነክሳለሁ። እናንተ የምታውቁት ሸህ ሙሄ ይቅር ብሎ ይሆናል። እኔ ግን ተቆጥቻለሁ፤ አላህ እየሰማኝ አልዋሽም።”

ይህን ብለው ተቀመጡ። እንባቸው ጢማቸውን አራሰው።

አንገቱን ደፍቶ የነበረው እብሬ ያኔ ብድግ አለ።

“ሸህ፣ እኔም ዋሽቻለሁ። ጠመንጃው አላመለጠኝም። ኑርዬ ‘ተው እብሬ፣ ሕፃናት አሉ፣ አፈሙዙን ቀና አድርገው’ ብሎኝ ነበር። ሰው እያየኝ ስለነበር እልህ ያዘኝ። አፈሙዙን ሳላቀና ስቄበት ተኮስኩ።”

የሟቹ አጎቶች ዱላቸውን ጨብጠው ተነሱ። ሸህ ሙሄ “ቁጭ በሉ!” ብለው ጮኹ፤ እንዲያ ሲጮኹ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። ወደ እብሬ ሄዱ። ሰዉ ሁሉ ሊመቱት መሰለው።

“ልጄ ምን ነበር ያለህ? ድገምልኝ” አሉት።

እብሬ እያለቀሰ ደገመላቸው። ለካ ልጃቸው የመጨረሻ ቃሉ ምን እንደነበር እስከዚያች ቀን ማንም አልነገራቸውም! ሸሁ እብሬን አቅፈው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

“ነገ ቤቴ ና፤ ለኑርዬ እናትም እንዲሁ ንገራት።”

“ሸህ፣ አውፍ አሉኝ እንዴ?”

“ገና ነው። ግን የትም አትሄድም። አውፍ እስክልህ ድረስ እየመጣህ አጠገቤ ተቀመጥ። እስከ ዛሬ አንተም እኔም በእውነት አልተገናኘንም ነበር፤ ላላገኘሁት ሰው እንዴት አውፍ ልበል?”

መቼ አውፍ እንዳሉት የነገረኝ የለም። ሸሁ ሲሞቱ ግን ጀናዛቸውን ከተሸከሙት አንዱ እብሬ ነበር።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስሰማ እኔም እንደ ጀመዓው ደንግጫለሁ። ዓሊም ሆኖ እንዴት እምቢ ይላል ብዬ ተቆጥቻለሁም። ዛሬ የሚያስደነግጠኝ የእኛው ነገር ነው። በዒድ ቀን ተቃቅፈን አውፍ በለኝ፣ አውፍ ብያለሁ እንባባላለን፤ ቂማችንን እንደያዝን ወደ ቤታችን እንገባለን። ወንድሜ ሆይ፣ የበደለህን ሰው ደግ መስለህ ስትቀርበው እሱም ንጹህ መስሎ ይጠብቅሃል። ሸህ ሙሄ ያን ቀን እንደ ወጉ አውፍ ብለው ቢሆን ኖሮ ጀመዓው አመስግኗቸው፣ ሰደቃውን በልቶ ይበተን ነበር። እሳቸውም ልጃቸው ሰው ለማዳን ሲናገር እንደሞተ ሳያውቁ ይቀበሩ ነበር።