ፀሐይ የተከለከለው መደብር

አንድ ተካልኝ የሚባል ነጋዴ ከአባቱ ባለ አራት ፎቅ መደብር ወረሰ። መደብሩ በደጉ ዘመን ከመርፌ እስከ ቁም ሳጥን ሁሉም በአንድ ጣራ ሥር የሚገኝበት ቤት ነበር፤ በከተማው የዚያን ቤት ሱፍ ሳይለብስ የተዳረ ሙሽራ የለም ይባል ነበር። ዘመን ሲዞር ገዢው ወደ አዳዲሶቹ የገበያ ሕንፃዎች ጎረፈ። መደብሩም ከላይ ጀምሮ ፎቅ በፎቅ ባዶ ሆነ።

ተካልኝ ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። አንድ ሀብታም ሕንፃውን ገዝቶና አፍርሶ መጋዘን ሊሠራበት ሲጠይቀው፣ «እስከ መስከረም መጨረሻ ታገሠኝ» አለው። ሐሳቡ ሌላ ነው። በየጓዳውና በየጋራዡ ተበታትነው ማሽን የሚፈታቱትን፣ ፕሮግራም የሚጽፉትን የከተማውን ወጣቶች ሰብስቦ ቤቱን የፈጠራ ማዕከል ሊያደርገው ነው። እነሱ ከገቡ ቤቱ ይድናል፤ ካልገቡ ዶዘር ይገባል።

ጠርቶ አስጎበኛቸው። ጊዜው ቀትር ነው፤ ውስጡ ግን ያለ ባትሪ አይታይም። ማስተዋል የምትባል፣ ከአሮጌ ሳይክል ዕቃ ደረጃ የሚወጣ ተሽከርካሪ ወንበር የምትሠራ ልጅ ግራ ቀኙን አየችና፣

«ጋሼ፣ እዚህ ቤት ጥሩ እንጉዳይ ይበቅልልዎታል» አለችው።

ጓደኞቿ ሳቁ። እየሳቁ ወጡ፤ አልተመለሱም።

ተካልኝ መሐንዲስ ቀጠረ። መሐንዲሱ ለክቶ ለክቶ፣ «አራት መቶ አምፖል ያስፈልገዋል» አለ። ይሄኔ በር ላይ የሚቀመጡት ዘበኛ ጋሽ ሽብሩ፣ በጉብዝናቸው ወራት የታወቁ ግንበኛ የነበሩ ሽማግሌ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ጄኔሬተር ይገዛል።»

«ጄኔሬተሩስ ሲታመም?»

መሐንዲሱ ሜትሩን ጠቀለለ። ጋሽ ሽብሩ ወደ ተካልኝ ዞሩ።

«ይህ ቤት ሠላሳ ሁለት መስኮት አለው። ጣራው መሀልም መስታወት ነው። አባትህ አዘውኝ በእነዚህ እጆቼ የሸፈንኩት እኔ ነኝ።»

ተካልኝ መሸፈኑን ያውቃል። አባቱ ሊሞቱ ሲሉ እጁን ይዘው፣ «በዚህ ቤት ፀሐይ እንዳታስገባ፣ አደራ!» ብለውታል። አደራ ደግሞ አደራ ነው፤ የሞተ ሰውን ተሟግቶ የረታ የለም።

«አባቴ ያለ ምክንያት አልደፈኑትም» አለ።

«ምክንያትማ ነበራቸው። ፀሐይ ጨርቅ ትበላለች፣ ቀለሙን ታወይበዋለች። ጨርቁ የታለ?»

«አለ!» ብሎ ተካልኝ በእልህ አራተኛ ፎቅ ወጣ። አባቱ ማንም እንዳይነካው ብለው ያስቀመጡት አንድ ጥቅል ሰማያዊ ሱፍ እውነትም መደርደሪያው ላይ ነበር። ሊያወርደው ሲይዘው እጁ ላይ እንደ አመድ ፈረሰ። በባትሪው ብርሃን ብዙ ቆሞ አየው። ፀሐይ ያልደረሰችበትን ሱፍ ብል ጨርሶታል።

ቀስ ብሎ ወረደ።

«ጋሽ ሽብሩ፣ መዶሻ የት ይገኛል?»

«ታዲያ እንዳታፈርሰው፤ መሮም ያዝ። መስኮቶቹን አልነቀልኳቸውም። ከውስጥ በስስ ብሎኬት፣ ከውጭ በቆርቆሮ ማስታወቂያ ነው የጋረድኳቸው። አንድ ቀን የሚከፍት ሰው ይመጣል ብዬ።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ዘበኛ የሚጠየቀው ማን ገባ፣ ማን ወጣ ተብሎ ነው።»

የመጀመሪያውን ብሎኬት ተካልኝ ራሱ መታው። ሦስት ሳምንት ሠሩ። የጣራው ቆርቆሮ የተነሳ ዕለት ፀሐይዋ በደረጃው መሀል ሾልካ ምድር ቤት ድረስ ወረደች፤ የአርባ ዓመት አቧራም እንደ ወርቅ ብናኝ ሲጨፍር ታየ።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ተሰማ። ማስተዋል ወንበሯን እየገፋች መጣችና ወደ ላይ አንጋጣ ቀረች።

«እንጉዳዩስ?» አላት ተካልኝ።

«እሱ ሌላ ቤት ይፈልግ። ያ መስኮት ሥር ያለው ቦታ ተይዟል?»

ጓደኞቿም ዕቃቸውን ተሸክመው ተከተሏት። መስከረም ሲያልቅ ሀብታሙ የሽያጭ ውሉን ይዞ መጣ። ተካልኝን ፍለጋ ደረጃውን ሲወጣ ከኋላው ሰው የተቀመጠበት ተሽከርካሪ ወንበር እየተንገጫገጨ ደረሰበት። ግድግዳ ተጠግቶ አሳለፈው። ወንበሩ ሁለተኛ ፎቅ ሲገባ አየና ውሉን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ወዳጆቼ፣ ከእኛ በፊት የነበሩት መስኮት የደፈኑት ሞኝ ሆነው አይደለም፤ የሚጠብቁት ጨርቅ ነበራቸው። ሞኝነቱ ጨርቁ ካለቀ በኋላ ግድግዳውን መጠበቅ ነው። አደራን የሚያከብር ሰው አደራ የተባለበትን ነገር ወጥቶ ያያል እንጂ በሩ ላይ ቆሞ አይምልም።

እናንተስ፣ «እንዲህ ተብሎ ነው የተሰጠን» ብላችሁ የጋረዳችሁት መስኮት የቱ ነው? ጨርቁ ዛሬም መኖሩን መጨረሻ ያያችሁት መቼ ነው?